ጠዋት ሰው፣ ቀትር ላይ ሰይጣን፦ የአንድ ድሬዳዋ ሚዛን ጉዳይ

ሚዛኑ ለጥገና የመጣልን ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ካለ አንድ የእህል መጋዘን ነው። እስከ 300 ኪሎ የሚመዝን፣ መሬት ላይ የሚቀመጥ፣ ቀይ ቁጥር የሚያሳይ። ባለቤቱን ሰፈሩ ሁሉ «ሐጂ» ነው የሚላቸው። እኔም እንደ ሰፈሩ። አቤቱታቸው አጭር ነበር፦ «አቦ፣ ይሄ ነገር ጠዋት ሰው ነው፣ ቀትር ላይ ሰይጣን ይሆናል።»

እውነታቸውን ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ባዶው መድረክ ዜሮ ያሳያል። ቀን 7 ሰዓት ላይ ማንም ሳይነካው ሁለት ኪሎ ምናምን ይላል። በዚያ ላይ ቁጥሩ አይረጋም። ጆንያ ሲጫንበት የመጨረሻዎቹ አሃዞች ወዲያ ወዲህ ይዘላሉ። ሻጩ ከፍ ሲል ያነባል፣ ገዢው ዝቅ ሲል ያነባል፣ ከዚያ ክርክር ነው።

ከእኛ በፊት ሌላ ባለሙያ ሎድ ሴሉን ቀይሮት ነበር። ምንም ለውጥ አላመጣም። ይሄ ራሱ ጥሩ መረጃ ነው። ክብደቱን የሚሰማው አካል ተቀይሮ በሽታው ካልተቀየረ፣ በሽታው ያለው ከእሱ በኋላ ነው፤ ማለትም ሲግናሉን የሚያጎላው አምፕሊፋየር ላይ።

ክዳኑን ስንከፍት ታሪኩ ገባን። ዋናው ቦርድ ድሮ በመብራት መመላለስ ተቃጥሏል። በቦታው አንድ ሰው በእጁ የሠራው አምፕሊፋየር ገብቶበታል። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ብየዳው ያምራል፣ ሽቦው በሥርዓት ታስሯል። ችግሩ የተመረጡት ዕቃዎች ናቸው።

ስንት ማይክሮቮልት ነው የምንፈልገው?

ሎድ ሴል ማለት ሲጫን በጥቂቱ የሚታጠፍ ብረት ነው። በላዩ ላይ አራት ቀጫጭን ሬዚስተሮች ተለጥፈውበታል። አራቱ በድልድይ ቅርጽ ተያይዘዋል፤ የዚህኛው ድልድይ 350 ኦም ነው። ብረቱ ሲታጠፍ ሁለቱ ይለጠጣሉ፣ ሁለቱ ይጨመቃሉ፣ በመሃል ትንሽ ቮልቴጅ ይወጣል። በጣም ትንሽ። ጀርባው ላይ «2 ሚሊቮልት በቮልት» ይላል። 5 ቮልት ብትሰጠው፣ 300 ኪሎ ሙሉ ተጭኖበት የሚመልስልህ 10 ሚሊቮልት ብቻ ነው።

ሚዛኑ የሚቆጥረው በ50 ግራም ነው። 300 ኪሎ በ50 ግራም ሲከፈል 6000 እርከን ይሆናል። 10 ሚሊቮልት ለ6000 ሲካፈል ለአንድ እርከን 1.7 ማይክሮቮልት ገደማ ይደርሳል። ማይክሮቮልት የቮልት አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ስለዚህ አምፕሊፋየሩ ከሁለት ማይክሮቮልት ያነሰ ነገር ራሱ ሳያዛባ ማስተላለፍ አለበት። አምፕሊፋየር ሁሉ ማጉላት ይችላል። ከባዱ ነገር ስታጎላ የራስህን አለመጨመር ነው።

በእጅ በተሠራው ቦርድ ላይ የነበረው ኤልኤም324 ነው። በየሱቁ የሚገኝ፣ ርካሽ፣ አራት ኦፕ-አምፕ (ትንንሽ ማጉያዎች) በአንድ ቺፕ የያዘ። ሦስቱ ተያይዘው ዋናውን አምፕሊፋየር ሠርተዋል፣ አራተኛው ማጣሪያ ሆኗል። ለብዙ ሥራ ግሩም ዕቃ ነው። ለዚህ ግን አይሆንም። በመረጃ ወረቀቱ ላይ የመግቢያ ቮልቴጁ በሙቀት የሚንሸራተተው በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በተለምዶ 7 ማይክሮቮልት ነው።

አሁን ወደ ድሬ ሙቀት እንምጣ። መጋዘኑ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከጠዋት እስከ ቀትር ውስጡ በ12 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። 7 በ12 ሲባዛ 84 ማይክሮቮልት። ለ1.7 ስታካፍለው 50 እርከን አካባቢ። 50 እርከን በ50 ግራም፣ 2.5 ኪሎ። ሐጂ «ሁለት ኪሎ ምናምን» ያሉት ይሄው ነው። እርግጥ የሁለቱ መግቢያ ኦፕ-አምፖች መንሸራተት በአንድ አቅጣጫ ከሆነ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ በተለያየ አቅጣጫ ከሆነ ይደመራል። ዕድል ነው። የሐጂ ዕድል አላማረም።

ስሌት ብቻውን አያሳምንም፤ ስለዚህ ፈተንነው። ነጩን የሲግናል ሽቦ ነቀልንና ሁለቱንም መግቢያዎች ከአረንጓዴው ጋር አገናኘናቸው። በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም፤ ስለዚህ የሚታየው ቁጥር የአምፕሊፋየሩ የራሱ ፈጠራ ነው። ከዚያ የፀጉር ማድረቂያ አምጥተን ቦርዱ ላይ ቀስ አድርገን ነፋንበት። ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። 0.4፣ 0.9፣ 1.3። መድረኩ ላይ ምንም የለም፤ የሎድ ሴሉም ሲግናል አይደርሰውም። ሐጂ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው «አጃኢብ! አየር ነው የሚመዝነው» አሉ።

አናሎጉን ማሻሻል ወይስ መተው?

እዚህ ላይ መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። አናሎጉን፣ ማለትም ቮልቴጁን ወደ ቁጥር ሳይቀይር እንዳለ የሚያጎላውን ክፍል፣ እንደ አናሎግ ማሻሻል ይቻላል። ኦፒ07 የሚባለው ኦፕ-አምፕ በሙቀት የሚንሸራተተው በአንድ ዲግሪ በተለምዶ ከ1 ማይክሮቮልት በታች ነው። ከ0.1 እስከ 10 ኸርዝ ያለው ኖይዙም (ራሱ የሚጨምረው ውዝዋዜ) ከጫፍ እስከ ጫፍ 0.35 ማይክሮቮልት አካባቢ ነው። እሱን በጥሩ የሜታል ፊልም ሬዚስተሮች ብታጅበው የሚያኮራ አምፕሊፋየር ይወጣል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ያቀረበው ይሄንን ነበር፤ ሐሳቡ ስህተት የለበትም።

እኔን ያስጠላኝ ሌላው ነገር ነው። ዜሮ የሚስተካከልበት ትሪመር (እየዞረ የሚስተካከል ትንሽ ሬዚስተር) አለ። ልኬት የሚስተካከልበት ሌላ ትሪመር አለ። 50 ኸርዝ የመብራት ጉምጉምታን የሚቆርጥ ማጣሪያ አለ፤ እሱም የሚሠራው ሬዚስተሮቹና ካፓሲተሮቹ በትክክል ሲመሳሰሉ ነው። የማይነቃነቅ የማመሳከሪያ ቮልቴጅ ያስፈልጋል። እነዚህ ሁሉ በሙቀት ይሰፋሉ፣ በአቧራ ይቆሽሻሉ፣ በዕድሜ ይደክማሉ። በእህል መጋዘን አቧራ ውስጥ ትሪመር ስንት ጊዜ ልኩን ይዞ ይቆያል? ኦፕ-አምፑን ብንቀይረውም እነዚህ ይቀራሉ።

ስለዚህ የመረጥነው ኤችኤክስ711 የሚባለውን ቺፕ ነው። ለሚዛን ተብሎ የተሠራ፣ ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚለውጥ 24 ቢት ዲጂታል ቀያሪ። በትንሽ ሞጁል ተበይዶ ይሸጣል፤ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ቀላል ነው። ከጎኑ አርዱይኖ ናኖ የሚባል አንድ ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ አደረግን። ከዚያ የትኛው የአናሎግ ዕቃ በምን እንደሚተካ ተቀምጠን አሰብን።

የዜሮ ትሪመሩ ሄደ። በቦታው ባዶው መድረክ የሰጠው ቁጥር በማስታወሻ ይያዛል፣ ከዚያ ይቀነሳል። የልኬት ትሪመሩም ሄደ። የታወቀ ክብደት ይጫናል፣ ቁጥሩ በስንት መባዛት እንዳለበት ይሰላል፣ እሱም ይቀመጣል። በሙቀት የሚንሸራተት ቁጥር የለም፤ ሬዚስተር ነው የሚንሸራተተው።

የማመሳከሪያ ቮልቴጁ ነገር ይበልጥ ያስደስታል። ቺፑ ለድልድዩ የሚሰጠውን ያንኑ ቮልቴጅ ራሱም እንደ መለኪያ ይጠቀምበታል። ቮልቴጁ በአንድ በመቶ ቢወርድ ሲግናሉም በአንድ በመቶ ይወርዳል፣ መለኪያውም አብሮ። ስለዚህ ንጽጽሩ አይቀየርም። ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ፋን ሲያበራ መብራት እንዴት እንደሚደክም የድሬ ሰው ያውቀዋል። ይሄ አሠራር ለዚያ ግድ የለውም። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ቢሠራም፣ ባትሪው እየደከመ ሲሄድ ክብደቱ አብሮ አይቀንስም።

የ50 ኸርዝ ማጣሪያው ደግሞ ቺፑ ውስጥ በሒሳብ ተሠርቷል። ይሄ ዓይነቱ ቀያሪ ዴልታ-ሲግማ ይባላል፤ ሐሳቡን ዛሬ በምናውቀው መልክ ያቀረቡት ጃፓናውያኑ ኢኖሴና ያሱዳ በ1962 እ.ኤ.አ. ናቸው። ሲግናሉን እጅግ በፍጥነት፣ ግን በሻካራው ይለካዋል። ስህተቱን ወደ ከፍተኛ ድግግሞሽ ይገፋዋል። ከዚያ ዲጂታል ማጣሪያው ያንን ከፍተኛ ክፍል ቆርጦ ይጥላል። ኤችኤክስ711 በሰከንድ 10 ንባብ ሲሰጥ አንዱ ንባብ 100 ሚሊሰከንድ ነው። በ100 ሚሊሰከንድ ውስጥ የ50 ኸርዝ መብራት አምስት ሙሉ ዙር ይዞራል። ወደ ላይ የወጣውና ወደ ታች የወረደው እኩል ስለሆነ ድምሩ ዜሮ ይሆናል። ካፓሲተር መምረጥ የለ፣ ማመሳሰል የለ።

24 ቢት የሚለውን ግን እንዳለ አትዋጡት። 24 ቢት ማለት 16.7 ሚሊዮን እርከን ነው፤ በወረቀት ላይ። የቺፑ ኖይዝ በዚህ ፍጥነት 50 ናኖቮልት አካባቢ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲታይ 330 ናኖቮልት ያህል። ሞጁሉ ለድልድዩ የሚሰጠው 4.3 ቮልት ነው፤ ስለዚህ የእኛ አንድ እርከን አሁን 1.43 ማይክሮቮልት ሆኗል። በቺፑ ቆጠራ 715 አካባቢ ነው። ከዚያ ውስጥ 160 የሚሆነው ዝም ብሎ የሚወዛወዝ ኖይዝ ነው። ማለትም የእርከኑ ሩብ እንኳ አይሞላም። ለ50 ግራም ከበቂ በላይ ነው። በዚሁ ቺፕ «አንድ ግራም አሳይልኝ» የሚል ቢመጣ ግን፣ የመጨረሻዎቹ ሰባት ቢቶች ጌጥ መሆናቸውን መንገር ያስፈልጋል።

ዲጂታሉ ያልነካው

ብዙ ሰው ከእንዲህ ዓይነት ሥራ የሚወስደው «አናሎግ ቀረ» የሚለውን ነው። አልቀረም። ኤችኤክስ711 ውስጥ ሲግናሉ መጀመሪያ የሚያገኘው 128 ጊዜ የሚያጎላ አናሎግ አምፕሊፋየር ነው። እኛ ስላላየነው የለም ማለት አይደለም። ሃራልድ ፍሪስ በ1944 እ.ኤ.አ. ስለ ሬዲዮ መቀበያዎች ባወጣው ቀመር እንዳሳየው፣ በተከታታይ አምፕሊፋየሮች ውስጥ የጠቅላላውን ኖይዝ በዋናነት የሚወስነው የመጀመሪያው ነው፤ እሱ በደንብ ካጎላ በኋላ የሚመጡት የሚጨምሩት ጥቂት ነው። ያ የመጀመሪያው ደረጃ ደግሞ ሁልጊዜ አናሎግ ነው። ሲግናሉ በሚያልፍበት የድግግሞሽ ክልል ውስጥ ገና በመግቢያው የተጨመረ ኖይዝ ወጥ ውስጥ እንደገባ ጨው ነው፤ በኋላ በሶፍትዌር ለይተህ አታወጣውም። ማለዘብ ትችላለህ፣ ለዚያውም በጊዜ ከፍለህ።

ይሄንን ያስተማረን ስልክ ነው። ሚዛኑ ተሠርቶ መጋዘኑ ገባ። ቁጥሩ ረግቷል፣ ሐጂ ደስ ብሏቸዋል። ገንዘብ ተቀባዩ ልጅ ስልኩን ማሳያው ላይ አስቀመጠ። ስልኩ ሊጠራ ሲል፣ ገና ድምፅ ሳያሰማ፣ ቁጥሩ በሦስት ኪሎ ዘለለ። ስልኩ እስኪዘጋ እዚያው ቆየ። ከዚያ ተመለሰ።

ለምን ማጣሪያው አላዳነንም? የስልኩ ሞገድ በመቶ ሚሊዮኖች ኸርዝ የሚቆጠር ነው፤ ማጣሪያው እዚያ ድረስ የሚያየው ነገር የለም። ነገር ግን ሞገዱ ረጅሙን የሎድ ሴል ገመድ እንደ አንቴና ተጠቅሞ ይገባል። የመጀመሪያው አምፕሊፋየር ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች ሞገዱን ወደ ቀጥታ ቮልቴጅ ይለውጡታል። አንዴ ቀጥታ ቮልቴጅ ከሆነ ከክብደት ምንም አይለየውም። አማካይ ውሰድ፣ አጣራ፣ የፈለግከውን አድርግ፤ ሦስት ኪሎ ነው የሚልህ።

መድኃኒቱ ተራ ነው። ከእያንዳንዱ መግቢያ ወደ ግራውንድ (የቦርዱ ዜሮ ቮልት) አንድ አንድ 1 ናኖፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር፣ እግሩ አጭር ሆኖ፣ ገመዱ ከሚገባበት አጠገብ ተበየደ። ገመዱን ስናይ ደግሞ ድሮ ሲቀጠል ጥልፍልፍ መከላከያው ተቆርጦ በስኮች ተሸፍኗል። እሱን ቀጥለን ከብረት ሳጥኑ ጋር አገናኘነው። ከዚያ በኋላ ስልኩን ማሳያው ላይ አድርገን ደጋግመን ደወልን፤ ንቅንቅ አላለም። በጠቅላላ ሥራው ውስጥ ርካሹ ዕቃ እነዚያ ሁለት ካፓሲተሮች ናቸው፣ በምንም ኮድ ደግሞ አይተኩም።

ስለ ሞጁሉም አንድ ነገር ልጨምር። ከርካሾቹ አረንጓዴ ሞጁሎች አንዳንዶቹ ላይ የድልድዩ ኔጌቲቭ ከግራውንድ ጋር አልተገናኘም። ቁጥሩ ያብዳል፣ ሰውም ቺፑ ሐሰተኛ ነው ብሎ ይጥለዋል። ከመበየዳችሁ በፊት በቴስተር ለኩት።

ፍጥነትና ተሸካሚዎቹ

ማማከል፣ ማለትም የብዙ ንባቦችን አማካይ መውሰድ፣ ኖይዝን የሚቀንሰው በካሬ ሥር ነው። 16 ንባብ ብታማክል ኖይዙ በአራት ይቀንሳል፤ ግን 1.6 ሰከንድ ይወስዳል። ቺፑ ራሱም ለውጥ ሲመጣ ለመርጋት 400 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል። ጠረጴዛ ላይ ይሄ ምንም አይመስልም። መጋዘን ውስጥ ግን ተሸካሚው ጆንያውን ጥሎ፣ ቁጥሩን በዓይኑ አንብቦ፣ መልሶ ለማንሳት እጁን ዘርግቷል። የሚከፈለው በጆንያ ነው፤ ሁለት ሰከንድ ቆሞ የሚጠብቅልህ የለም።

ስለዚህ ማጣሪያው ሁለት ጠባይ እንዲኖረው ተደረገ። አዲሱ ንባብ ከነበረው አማካይ ከአንድ ኪሎ በላይ ከራቀ፣ ያለፈው ሁሉ ይጣላል፤ እንደ አዲስ ይጀምራል። ከቀረበ ደግሞ አማካዩ እየረዘመ ይሄዳል። ከዚያ በፊት ከአምስት ንባብ መካከለኛው ይወሰዳል፤ ይሄ ድንገት የሚመጣን አንድ እብድ ቁጥር ያስወግዳል። ጆንያ ሲወድቅ ቁጥሩ ቶሎ ይደርሳል፣ ከዚያ ይረጋል። በካፓሲተርና በሬዚስተር እንዲህ ያለ ጠባይ መሥራት አይቻልም አልልም፤ ግን ማን ይሞክረዋል?

አንድ የሚያሰጋ ነገርም አለ። ብዙ ዲጂታል ሚዛኖች ባዶ ሲሆኑ ትናንሽ ለውጦችን እየተከተሉ ራሳቸውን ወደ ዜሮ ይመልሳሉ። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ልቅ ከሆነ፣ ባዶ ጆንያ አስቀምጦ ዜሮ አድርጎ ስንዴ ቀስ እያለ ለሚያፈስ ሰው ሚዛኑ ስንዴውን «ሙቀት ነው» ብሎ ይበላዋል። የእኛው የሚከተለው በሰከንድ ከግማሽ እርከን ያነሰ ለውጥን ብቻ ነው፤ ለዚያውም መድረኩ ባዶ ሲሆን። ዕቃ ተጭኖ ዜሮ ከተደረገ በኋላ አይሠራም።

የሙቀት ሴንሰርም ገዝተን ነበር፣ በሶፍትዌር ለማረም። አላስፈለገም። በመረጃ ወረቀቱ መሠረት የቺፑ ዜሮ በአንድ ዲግሪ 6 ናኖቮልት አካባቢ ነው የሚንሸራተተው። በ12 ዲግሪ 72 ናኖቮልት፤ የእርከን አንድ ሃያኛ። የማጉላቱ ለውጥም ከሚሊዮን 5 ነው፤ ሙሉ 300 ኪሎ ላይ በ12 ዲግሪ 18 ግራም። ሁለቱም ከግማሽ እርከን በታች ናቸው። ሴንሰሩ መሳቢያ ውስጥ ነው።

የመጨረሻው ሥራ ልኬት ነበር። የተረጋገጡ 20 ኪሎ ድንጋዮች ተውሰን በመሃልም በአራቱም ማዕዘን አስቀመጥን። ጠዋትም ቀትርም ደገምነው። ልዩነቱ ከአንድ እርከን አላለፈም። ለንግድ የሚውል ሚዛን አንዴ ከተከፈተ እንደገና በሚመለከተው አካል መፈተሽ እንዳለበት ለሐጂ ነገርናቸው፤ እሳቸውም አስፈተሹት።

አንድ ጥያቄ ግን እኛ ያላሰብነው ነበር። «ልጄ፣ የዊንጩ ቀዳዳ የታለ?» አሉኝ። ድሮ ሠራተኛው በየጠዋቱ በሳጥኑ ጎን ባለች ቀዳዳ ዊንጭ አስገብቶ ዜሮውን ያዞር ነበር። ገዢዎችም ያዩታል፣ ይጠረጥራሉም። «አሁን የለም፣ ሐጂ፤ የሚዞር ነገር የለውም» አልኳቸው። ደስ አላቸው፤ ትንሽ ቆይተው ግን ገባቸው፦ «ታዲያ አሁን ቁጥሩን በኮምፒውተር የሚቀይርብኝ ማነው?» ልክ ናቸው። ዊንጭ ይታያል፣ ኮድ አይታይም። ስለዚህ ልኬት መቀየር የሚቻለው ክዳኑ ውስጥ ያለች አንዲት ጃምፐር (ትንሽ ማገናኛ) ስትገናኝ ብቻ እንዲሆን ተደርጓል። ከውጭ ባሉት ቁልፎች አይቻልም። የኮድ መጫኛው ሶኬትም እዚያው ውስጥ ነው። ክዳኑ ላይ ማህተም አለ፤ ልኬቱን የሚነካ ሰው መጀመሪያ ማህተሙን መቁረጥ አለበት። የዊንጩ ቀዳዳ በቆርቆሮ ተዘግቷል።

ጎረቤታቸው ይሄንን ሰምቶ የራሱን ሚዛን ይዞ መጣ፤ «የሐጂን ቺፕ አድርግልኝ» እያለ። የእሱ ሎድ ሴል ከመጠን በላይ ተጭኖበት ተጣሟል። ባዶውን ዜሮ ላይ አይመለስም፤ ጠዋትም ቀትርም ያው ነው። ሎድ ሴል ግዛ አልኩት፤ አምፕሊፋየሩ ደህና ነው።